ባቡሩ ቀድሞ መጣ ብዬ ዘው አልኩ

እማዬ ባቡር ስትል ወፍጮ ማለቷ ነው። እሷ ባደገችበት ገጠር ባቡር ማለት እህል የሚፈጨው ሞተር ነው፤ «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» ያለ ሰው ጤፉን ወይ ዳጉሳውን አስፈጭቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለውኃ ጥራት ስልጠና ጃፓን እንደምሄድ፣ ስልጠናው ሲያልቅ የሚተርፉኝን አራት ቀናት ደግሞ በፈጣን ባቡር ስዞር እንደማሳልፍ ስነግራት፣ «ይኼን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ባቡር ልታዪ?» አለችኝ። የምሯን ይሁን ቀልዷን እስካሁን አልለየሁም።

እኔም ከሷ ብዙ አልሻልም። ባሕር ዳር ባቡር የለም። ጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ጀልባ፣ ባጃጅ እና ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳውን የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው። ባቡር የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ፣ ቀላል ባቡሩን። እሱንም ቆሜ።

ሻንጣዬ ውስጥ ድርቆሽ፣ ሽሮ እና አንድ ፌስታል ቆሎ ገባ። ቋንጣው ቤት ቀረ፤ ጃፓኖች የሥጋ ነገር ከውጭ አያስገቡም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በሴኡል በኩል ቶኪዮ። ስልጠናውን እዘለዋለሁ፤ ጥሩ ነበር፣ ብዙ ስላይድ ነበረው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ቶኪዮ

የዛሬው ሥራ ትኬት መግዛት ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግማሽ ቀኔን በላው።

መጀመሪያ የሰው ምክር ነበረ። የጠየቅሁት ሁሉ «የውጭ ጎብኚ ከሆንሽ የሰባት ቀኑን ማለፊያ ግዢ፣ እንደ ልብሽ ትሳፈሪያለሽ» ይላል። ይሄ ምክር ድሮ ልክ ነበር። ማለፊያው 29,650 የን በነበረበት ጊዜ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ዋጋው ወደ 50,000 የን ዘለለ። እኔ የምሄደው ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ነው፤ የአንዱ ጉዞ ዋጋ 14,000 የን ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 28,000 ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ማለፊያው ተጨማሪ ሳይከፈል በጣም ፈጣኑ ባቡር ላይ አያሳፍርም። ገና ስንነሳ ሒሳብ የሚሠራ ሰው አይከስርም፤ በነጠላ ትኬት ሄድኩ።

ባቡሮቹ ስም አላቸው፣ ስማቸውንም ወደድኩት። በየጣቢያው እየቆመ የሚሄደው «ኮዳማ» ይባላል፣ የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ከሱ የሚፈጥነው «ሂካሪ» ነው፣ ብርሃን። ከሁሉም የሚቀድመው «ኖዞሚ» ነው፣ ተስፋ። ድምፅን ብርሃን ይቀድመዋል፣ ብርሃንን ደግሞ ተስፋ ይቀድመዋል። ስም ያወጣው ሰው ቅኔ ቤት የዋለ ነው የሚመስለው።

የትኬት ማሽኑ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ሁለት ወረቀት አወጣልኝ፤ አንዱ የመንገዱ ዋጋ፣ ሌላው የፍጥነቱና የወንበሩ። ወንበር ስመርጥ የስልጠና አስተባባሪያችን የመከረችኝን አልረሳሁም፤ ከቶኪዮ ስትወጪ «ኢ» ወንበር ያዢ፣ በቀኝ በኩል የመስኮት ዳር ነው፣ የፉጂ ተራራ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ያዝኩ። 12ኛው ፉርጎ ላይ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ160 ሳንቲ ሜትር ካለፈ የሻንጣ ቦታ ያለው ወንበር አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ሜትር ስላልነበረኝ ሆቴል ገብቼ በስንዝር ለካሁት። ሰባት ስንዝር ከምናምን። የእኔ ስንዝር ሃያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አለፈልኝ።

ማታ ስለ መስመሩ ሳነብ ያገኘሁት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ይሄ የቶኪዮ ኦሳካ መስመር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1964 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም.። ግሸን ማርያም! ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተብሎ የተጣደፈ ሥራ ነበር። አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ከሃያ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን ነው። የዚያ ጊዜው ባቡር በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ሌላው የገረመኝ፣ ለግንባታው ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድረው ነበር፣ ከፍለው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ጃፓንም ትበደር ነበር ለካ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ወደ ኪዮቶ

ኅዳር ሚካኤል። አገር ቤት ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ አቃጥሎ በጭስ የሚታጠንበት ቀን። እዚህ አንዲት ሲጋራ እንኳ በየትም አታጨስም፣ ቦታ አላት።

ቶኪዮ ጣቢያ ጣቢያ ሳይሆን ከተማ ነው። ከምድር በታች ሱቅ፣ ከሱቁ በታች ሌላ ባቡር። ለመንገድ የሚሆን ምግብ በሳጥን ይሸጣል፣ «ኤኪቤን» ይሉታል፣ የጣቢያ ምሳ እንደማለት። መቶ ዓይነት ነው። ችግሩ ዓርብ ነው። በሥዕሉ እያየሁ ስመርጥ ይሄኛው በሬ፣ ያኛው ዶሮ፣ ሌላው ዓሣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ስንት ቤት እንዳበጣበጠ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እኛ ቤት አይበላም፣ አለቀ። በመጨረሻ የተጠበሰ የአኩሪ አተር አይብ ውስጥ የተጠቀለለ ሩዝ አገኘሁ። መረቁ የዓሣ መሆኑን የሰማሁት ከበላሁ በኋላ ነው። ሳላውቅ ነው፣ ሚካኤል ይየው።

ወደ ባቡሩ። ትኬቴ 10 ሰዓት ይላል፣ በነሱ አቆጣጠር ጠዋት። መድረኩ ላይ የፉርጎ ቁጥር ወለሉ ላይ ተጽፏል፤ 12 የተጻፈበት ላይ ቆምኩ። ቆሜ የጽዳት ሠራተኞቹን አየሁ። ገቡ፣ ጠረጉ፣ ወንበሩን በሙሉ ፊቱን ወደሚሄድበት አዞሩት፣ ወጡ፣ ተሰልፈው እጅ ነሱ። ሻይ ለማዘዝ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀባቸው። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ከሰዓቴ ደቂቃዎች ይቀራሉ። እኔም «ቀድሞ መጣ፣ ተመስገን» ብዬ ዘው አልኩ።

ወንበሬ ላይ ሰው አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ፣ ላፕቶፑን ዘርግቷል። ትኬቴን አሳየሁት። እሱም የሱን አሳየኝ። ያው ፉርጎ፣ ያው ወንበር። የአውቶቡስ ልምዴ ተነሳብኝ፤ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ሸጠውልን ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ። ሰውዬው ግን በጣቱ ትኬቴ ላይ ያለውን ሰዓት፣ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን አሳየኝና አንገቱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። ያኔ በሩ ተዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ ቀድሞ አልመጣም። የተሳፈርኩት ከእኔ በፊት ያለውን ባቡር ነው። በዚህ መስመር ኖዞሚ ብቻ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሥር በላይ ይነሳል። እኔ ደግሞ ባቡር ማለት እንደኛ አውቶቡስ በቀን አንድ ጊዜ የሚነሳ፣ የቆመው ሁሉ የእኔ መስሎኝ።

ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ፉርጎ ውስጥ ሲገባ እጅ ነሳ፣ ሲወጣም ዞሮ እጅ ነሳ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል። አልተቆጣኝም። ቀድመሽ ከተሳፈርሽ የያዝሽው ወንበር ቀርቷል፣ ቁጥር የሌላቸው ወንበሮች ግን አንደኛና ሁለተኛ ፉርጎ ላይ አሉ አለኝ፣ በምልክትና በስልኩ ትርጉም። እኔ 12ኛው ላይ ነኝ። ባቡሩ 16 ፉርጎ፣ 400 ሜትር ርዝመት ነው። ሻንጣዬን እየገፋሁ አሥር ፉርጎ አቋረጥኩ። «ይቅርታ» የሚለውን የጃፓንኛ ቃል ያን ቀን ነው በደንብ የተማርኩት።

የባሰው፣ ያገኘሁት ወንበር በግራ በኩል ነው። ፉጂ በቀኝ።

ተቀምጬ ትንፋሼ ሲመለስ ስለ ፍጥነቱ ማሰብ ጀመርኩ። 285 ኪሎ ሜትር በሰዓት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍጥነቱ አይታወቅም። የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። ወደ ሩቁ ካያችሁ ዝግ ያለ ይመስላል፣ ወደ ቅርቡ ካያችሁ ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶው መቁጠር አይቻልም፣ ግድግዳ ይሆናል። ዋሻ ውስጥ ሲገባ ጆሮ ይደፈናል፣ የዓባይን በረሃ ስንወርድ እንደሚደፍነው። ሌላ ባቡር በጎን ሲያልፍ ደግሞ መስኮቱ «ጧ!» ይልና አለቀ፣ አለፈ፣ ምን እንደሆነ ሳታዩት።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ወንበር ላይ ሆኖ በስልክ ማውራት ነውር ስለሆነ ወደ ፉርጎው መጋጠሚያ ሮጥኩ። ለካ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነው። እዚህ ጋ አንድ ጉድ ልንገራችሁ፤ ጃፓን ከኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል፣ ስለዚህ ቶኪዮ ያለ ሰዓት ላይ የሚታየው ቁጥር እና እማዬ የምትለው ቁጥር አንድ ነው። እኔ ጋ 10 ከሩብ፣ ጠዋት። እሷ ጋ 10 ከሩብ፣ ሌሊት። ስልጠናው ሁለት ሳምንት ሲፈጅ ሒሳብ ሳልሠራ ነው የደወልኩላት።

«የት ደረስሽ?» አለችኝ። የመንገድ ጥያቄ ይሄ ብቻ ነው። በአውቶቡስ ብሆን መልሱ ቀላል ነው፤ ዳንግላ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን። አሁን ግን የጣቢያውን ስም ከበሩ በላይ ካለው ጽሑፍ አንብቤ ሳልጨርስ አለፍነው። «መንገድ ላይ ነኝ» አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ» አለች።

ከተነሳን አርባ ደቂቃ አካባቢ ሲሆን በቀኝ ያሉት ሁሉ ስልካቸውን አነሱ። አንዲት አሮጊት በኢ ወንበር ላይ ነበሩ። አንገቴን ስሰግግ አይተውኝ ነው መሰለኝ በእጃቸው ጠሩኝ፣ ራሳቸው ተነስተው መስኮቱን ለቀቁልኝ። ፉጂ ደመና አልነበረበትም። 3,776 ሜትር፣ ብቻውን፣ አናቱ ላይ በረዶ። ራስ ዳሸን ይበልጠዋል፣ ግን ዳሸን ከወንድሞቹ መሀል ስለቆመ እንዲህ ብቻውን ታይቶ አያስደነግጥም። አሮጊቷ መንደሪን ሰጡኝ። እኔም ቆሎ ዘገንኩላቸው፣ ከሰጠኋቸው በኋላ ስለ ጥርሳቸው አሰብኩ። ቆረጠሙት፣ ምንም አልሆኑም።

ከፉጂ በኋላ የሻይ ማሳ፣ ፋብሪካ፣ የሻይ ማሳ። ሃማማትሱ የምትባል ከተማ አልፎ ባቡሩ ሃማና የሚባል ሐይቅ ላይ በድልድይ ያልፋል። ሐይቅ ሲባል ልቤ ዘሎ ነበር፣ ካሜራ ሳወጣ አለቀ።

ኪዮቶ ስንደርስ ባቡሩ የቆመው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ከመቆሙ በፊት በሩ ላይ መሰለፍ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ፈጀብን። ሰዓቴን አየሁ፤ እዚህ ቀትር አልፏል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ገና 12 ሰዓት ከጠዋት። ከቶኪዮ ኦሳካ ድረስ ያለው መስመር 515 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው መንገድ 560 ገደማ። የቅርብ ዘመዶች ናቸው። እኔ ደርሼ ሻንጣዬን ስጎትት፣ ከእኔ አንድ ሰዓት ዘግይቶ በ11 የሚነሳ የኛ አውቶቡስ ቢኖር ገና ዳንግላ አይገባም ነበር። ይሄን የምለው አውቶቡሳችንን ለመናቅ አይደለም፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት የሚያህል መንገድ እዚህ አላየሁም። በረሃው ግርጌ ያለውን አዲሱን ድልድይ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን፣ በእርዳታ የሠሩልንም እነዚሁ ጃፓኖች ናቸው። በእነሱ ድልድይ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ለአሮጊቷ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ቋንቋ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ቢዋ

ኪዮቶን የሚጎበኝ ሰው ቤተ መቅደስ ያያል። እኔ ሐይቅ ፍለጋ ሄድኩ። የጣና ልጅ ምን ታድርግ።

ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው፣ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር። ጣና ከ3,000 በላይ ነው። ኩራቴ እዚያው ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ቢዋ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር ያልፋል፣ ጣና ደግሞ ጥልቅ በተባለበት ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ የያዙት ውኃ ሲለካ ተቀራራቢ ነው። የእኛ ሰፌድ ነው፣ የነሱ እንስራ። ከጣና የሚወጣ ወንዝ አንድ ዓባይ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ከቢዋም በተፈጥሮ የሚወጣ ወንዝ አንድ ነው፣ ሴታ ይባላል፣ ትናንት ኪዮቶ ልንገባ ስንል በላዩ አልፈናል፣ ሳላውቀው።

በተራ ባቡር ወደ ናጋሃማ ሄድኩ፣ አንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዚያ በጀልባ 30 ደቂቃ ያህል ወደ ቺኩቡ ደሴት። ጀልባው ላይ ስቀመጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንግድነቴ የጠፋኝ። የውኃው ሽታ ያው ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ያው ነው። ደሴቷ በዛፍ ተሸፍና ከሩቅ ስትታይ ክብራን ገብርኤልን ያየሁ መሰለኝ።

ክብራን ከባሕር ዳር ወደብ ቅርብ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። ረግጬው አላውቅም፣ ሴት አይገባበትም። ቺኩቡም የጸሎት ደሴት ነው፣ የነሱ ቤተ መቅደስ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ724 ተመሠረተ ይላሉ። እዚህ የመግቢያ ከፍዬ ገባሁ። 165 ድንጋይ ደረጃ አለው። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ላይኛው ላይ ቆሜ ሐይቁን ሳይ፣ ክብራን ላይ ያለ መነኩሴ ወደ ባሕር ዳር ሲመለከት የሚያየው እንዲህ ይሆን አልኩ። መነኩሴ ግን እዚህ አያድርም፤ አገልጋዮቹም ባለ ሱቆቹም ማታ በጀልባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሌሊት ደሴቷ ለወፎች ነው።

የሸክላ ሳህን የሚወረወርበት ቦታ አለ። ሁለት ትንንሽ ሳህን ትገዛላችሁ፣ ስማችሁንና ምኞታችሁን ትጽፋላችሁ፣ ቁልቁል ሐይቁ ዳር በቆመው በር መሀል እንዲያልፍ ትወረውራላችሁ። ካለፈ ምኞቱ ይሰምራል። እኔ የእኔ ስለት ሌላ ቤት ስላለ አልወረወርኩም። የወረወሩትን ቆጠርኩ፤ አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ሁለቱንም አሳለፈ።

ምሳ ናጋሃማ። «ፉናዙሺ» የሚሉት ነገር አለ፤ ዓሣ በጨው፣ ከዚያ በበሰለ ሩዝ ውስጥ ለወራት ተቀብሮ የሚቦካ። ቅዳሜ ስለሆነ ደፈርኩ። ሽታው የከረመ አብሲት ነው፣ ጣዕሙ ኮምጣጣ፣ ጠንካራ። ለቀረሶ እና ለአምባዛ ያለኝ ፍቅር ጨመረ እላችኋለሁ። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሐይቁ ዓሣዎች ሥዕል ነበረ፤ ቢዋም እንደኛ እንቦጭ ከውጭ የመጣ የውኃ አረም ያስቸግረዋል፣ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ እየነቀሉት ነው። ስልጠናው ላይ ስለሱ ሁለት ቀን አውርተናል፣ እዚህ አልደግመውም።

ስመለስ ማይባራ ጣቢያ ወረድኩ፣ ፈጣኑን ባቡር ከውጭ ለማየት። ኖዞሚ እዚህ አይቆምም። መድረኩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ማስጠንቀቂያ ተነገረ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ነፋሱ ቀድሞ መጣ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሊወስደው ነበር። ነጭ ነገር አለፈ። ትናንት እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም ነበር። ከውስጥ ሳለሁ ያልፈራሁትን ከውጭ ፈራሁት። ሦስት ሲያልፉ ቆሜ አየሁና በገደል ማሚቶው፣ በኮዳማ፣ በሃያ ደቂቃ ገደማ ኪዮቶ ገባሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። መመለሻ

ትክክለኛው ባቡር፣ ትክክለኛው ፉርጎ፣ ትክክለኛው ወንበር። ሦስቴ ነው ያረጋገጥኩት። ፉጂ በደመና ተሸፍኗል።

ድሮ ባቡሩ ውስጥ በጋሪ ሻይና ምግብ እያዞሩ ይሸጡ ነበር፣ በ2023 በተራው ፉርጎ ላይ ቀርቷል። በጋሪው ከሚሸጠው ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው ማንኪያ የማይበሳው ድንጋይ አይስክሬም ነው፣ አሁን በጣቢያው ይሸጣል። ገዛሁ። ማንኪያው ገባ ያለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከናጎያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ባሕር ዳር

ጾሙ ገብቷል። እማዬ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ልሳለም ካለች ቆይታለች፣ ዛሬ ይዣት ወጣሁ። ባለ ጀልባው ትናንት «ሁለት ሰዓት ላይ ንቅንቅ የለም» ብሎኝ ስለነበር አንድ ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ተገኘን። ገና አልለቀቀኝም፣ ሰዓት አያለሁ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ከሩብ ሆነ።

«አያ፣ አንሄድም እንዴ?»

«ሦስት ሰው ይቀረናል እታለም፣ ሲሞላ እንነሳለን።»

ኖዞሚ ባዶ ወንበር ይዞ ሲነሳ አይቻለሁ ስለው ሳቀብኝ። «ነዳጁን ማን ይችለዋል?» አለ። የኔ መልስ የለም። ሰው እስኪሞላ ፎቶዎቹን ለእማዬ አሳየኋት። የባቡሩን አፍንጫ አይታ «ይሄማ ዓሣ ነው» አለች። አሮጊቷ ቆሎ ሲቆረጥሙ የሚታዩበት ላይ ብዙ ቆየች።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ሦስት የዘጌ ሰዎች ከነዶሯቸው መጡና ተነሳን። ክብራን አጠገብ ስናልፍ እማዬ አማተበች፣ ከሩቅ እንደተሳለመችው ዕድሜዋን ሁሉ።

«ያኛው አገር ያለው ደሴት ሴት ይገባበታል አልሽኝ?»

«አዎ፣ ገባሁ እኮ።»

«ደረጃው ስንት ነው አልሽ?»

«165።»

ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አደረገች። «እንኳን ቀረብኝ» አለች።